ለየጉዳዩ የራሱ ሉህ



የጀመዓችን ሹራ ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ የየዘርፉ ሥራ ዙሊፕ በሚባል መተግበሪያ እንዲካሄድ መወሰኑን ሰምታችኋል። ውሳኔው ከተነገረ ወዲህ በየዶርሙም በየላውንጁም የሚገጥመኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ደግሞ ሌላ አፕ? ያለንን ግሩፕ መቼ በአግባቡ ተጠቀምንበትና!» ጥያቄው ተገቢ ነው። ለምን እንደሚያስፈልግ ሳይታወቅ የተጫነ አፕ በሁለተኛው ሳምንት ከስልክ ላይ ይጠፋል። እኔ ያለሁበት የቱቶሪያል ቡድን ባለፈው ሴሚስተር ዙሊፕን በሙከራ ሲሠራበት ስለቆየ፣ እንዴት እንደሚጀመር፣ ምን እንደሚጠቅመንና ምን እንደማይፈታልን ያየሁትን ልንገራችሁ።

ግሩፑ ምን ጎደለው?

ትልቁን ግሩፓችንን በአንድ ምሽት ብቻ እንመልከተው። አንዱ ወንድም ጠቃሚ ማስታወሻ ይለጥፋል። አንዲት እህት መታወቂያዋ እንደጠፋባት ትጽፋለች። ሌላው የካልኩለስ ወርክሺት ይጠይቃል። ሁለት ልጆች ስለ ጨረቃ መታየት ይከራከራሉ፤ ሃያ ሰው ደግሞ ለተመረቀ ወንድም «ማሻአላህ» ይላል። ከነዚህ ውስጥ መጥፎ የሚባል ነገር የለም። ችግሩ ሁሉም በአንድ መስመር መሰለፋቸው ነው። ዝም ብሎ ከታች ወደ ላይ የሚገፋፋ ሰልፍ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ከምሽቱ 4 ሰዓት አካባቢ ሁለት መስመር ጻፈ። እናቱ ታመዋል፣ ነገ ጠዋት ወደ ቤተሰቡ መሄድ አለበት፣ የትራንስፖርት የለውም። ያን ምሽት የጨረቃው ክርክር ጦፎ ነበር። የበይተል ማል ኃላፊው ጽሑፉን ያገኘው በማግስቱ ከዙህር በኋላ ነው። ልጁ እስከዚያ ከዶርም ጓደኞቹ ተበድሮ ሄዷል። አልሐምዱሊላህ፣ እናቱ ድነዋል። ነገር ግን ጀመዓ የሚባለው ነገር የተቋቋመው ለዚያች ሌሊት ነበር። በግሩፑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ቢያይ ኖሮ ኪሱን ይፈትሽ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ። ሰው ችላ አላለውም፤ ብዙ ቃል ያለው ጥቂት ቃል ያለውን ሸፈነው እንጂ።

ስለዚህ ጥያቄው «የትኛው አፕ ያምራል?» አይደለም። «ድምፁ ዝቅ ያለው ሰው እንዴት ይሰማ?» ነው።

ሸኻችን እንዴት ይሰሙ ነበር?

ያደግኩት ወሎ ነው። በፈረቃ ግማሽ ቀን የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ግማሽ ቀን ቁርኣን ቤት ነበር የምውለው። ሁለቱ ቤቶች ድምፅን የሚይዙበት መንገድ ለየቅል ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤት መምህሩ ሲናገር ሌላው ዝም ይላል፤ መናገር የፈለገ እጁን ያወጣል። በቁርኣን ቤት ግን አርባ ልጅ በአንድ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቀራል። አንዱ አሊፍ ባ ላይ ነው፣ አንዱ ዐመ ላይ፣ አንዱ ከዚያ አልፏል። በመንገድ የሚያልፍ እንግዳ ጫጫታ ነው የሚሰማው። ሸኻችን ግን አይናቸውን ጨፈን አድርገው እንደተቀመጡ፣ ጥግ ላይ ያለው ልጅ አንዲት ሐረካ ሲያጠፋ «አንተ! መልሰህ ቅራ!» ይላሉ።

ይህን እንደ ተአምር አየው ነበር። አሁን ሳስበው ግን አሠራሩ ግልጽ ነው። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ሉህ አለው። ሸኹ ማን የትኛው ላይ እንዳለ ያውቃሉ። አንዱ የሌላውን ሉህ ነጥቆ አይቀራም። ክፍሉን በቃሉ የያዘ ልጅ አሰምቶ ሲያልፍ ሉሁ ይታጠባል፣ አዲስ ይጻፍበታል። ድምፅ ብዙ መሆኑ አልነበረም ችግር የሚፈጥረው፤ ሉህ ባይኖር ኖሮ ነበር ጫጫታ የሚሆነው። ግሩፓችን አርባ ልጅ በአንድ ሉህ ላይ የሚቀራበት ቤት ሆኖብናል።

ዙሊፕ ምንድነው?

ዙሊፕ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። በአሜሪካ ኤምአይቲ በ1980ዎቹ በፕሮጀክት አቴና ሥር ዜፊር የሚባል የመልእክት መለዋወጫ ተሠርቶ ነበር። እዚያው የተማሩና በእሱ የለመዱ ልጆች እ.ኤ.አ. በ2012 ሐሳቡን አዘምነው ዙሊፕን ጀመሩ። በ2014 ድሮፕቦክስ ገዛው፤ በ2015 ኮዱ ለማንም ክፍት ሆነ። ኮዱ ክፍት ነው ማለት የፈለገ አውርዶ በራሱ ሰርቨር ላይ መጫን፣ ማየት፣ ማስተካከልም ይችላል ማለት ነው። የሶፍትዌርና የኮምፒዩተር ሳይንስ ልጆች፣ ይህ ለእናንተ ከአፕነቱ በላይ መማሪያም ነው።

አሠራሩ ሦስት ደረጃ አለው፦ ቻናል፣ ርዕስ፣ መልእክት። ቻናል ማለት ዘርፍ ነው፤ ለምሳሌ «ትምህርት»፣ «ዳዕዋ»፣ «ኢፍጣር»። በቻናሉ ውስጥ እያንዳንዱ ጉዳይ የራሱ ርዕስ ይኖረዋል፤ ለምሳሌ «ካልኩለስ የሚድ ዝግጅት» ወይም «የሐሙስ ኢፍጣር፦ ቴምር ማን ይገዛል»። መልእክት የሚጻፈው በርዕስ ሥር ነው። ቻናሉ ቁርኣን ቤቱ፣ ርዕሱ ሉሁ ነው ብላችሁ ያዙት።

«ቴሌግራምም እኮ ርዕስ አለው» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፤ ከ2022 ጀምሮ ግሩፕን በርዕስ መክፈል ይቻላል። ልዩነቱ አጠቃቀሙ ላይ ነው። በዙሊፕ ርዕስ የሚፈጠረው መልእክቱ ሲጻፍ ነው፤ ማንኛውም አባል ለአንዲት ጥያቄ ሳይቀር አዲስ ርዕስ ይከፍታል። ወሬው ከርዕሱ ከወጣ ደግሞ ኃላፊነት የተሰጠው ሰው ያን ክፍል ብቻ ቆርጦ ወደ ሌላ ርዕስ ያዛውረዋል። የጨረቃው ክርክር ወደ ቦታው ይሄዳል፣ የልጁ ጥያቄ ባለበት ይቀራል። ከዚህም ሌላ አባል ለመሆን ስልክ ቁጥር አያስፈልግም፤ ኢሜይል ይበቃል፤ ኢሜይሉንም ማን እንዲያየው መወሰን ይቻላል። በትልልቅ ግሩፖች ስማቸውና ቁጥራቸው ሲዞር ያስቸገራቸው እህቶቻችን የዚህን ዋጋ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

እንዴት ይጀመራል?

የመጀመሪያው ምዝገባ ነው። የዘርፋችሁ አሚር ወይም አሚራ የግብዣ ሊንክ ይልክላችኋል። ሊንኩ በብሮውዘርም ይከፈታል፤ ስልኩ ላይ ቦታ የሌለው ሰው አፑን የግድ መጫን የለበትም። ስም ስትሞሉ ትክክለኛ ስማችሁንና ዲፓርትመንታችሁን ጻፉ። ኩንያ መልካም ነው፤ ሆኖም አሁን ግሩፓችን ውስጥ ሦስት «አቡ ዐብደላህ» አሉ፣ ሦስቱም ልጅ የላቸውም፣ ማንን እንደምንጠራ ግራ ገብቶናል።

ሁለተኛው ቻናል መምረጥ ነው። በሁሉም ቻናል አትግቡ። የምትሠሩበት አንድ ወይም ሁለት፣ ከዚያ «ማስታወቂያ» የሚለው ይበቃል። ሁሉም ቦታ ያለ ሰው የትም የለም።

ሦስተኛውና ዋናው ርዕስ አወጣጥ ነው። «ሰላም» ርዕስ አይደለም። «አስቸኳይ»ም ርዕስ አይደለም፤ ነገ ሌላ አስቸኳይ ይመጣል። ከሦስት ሳምንት በኋላ የሚፈልገው ሰው በምን ቃል እንደሚፈልገው አስቡና በዚያ ቃል ሰይሙት። በሙከራችን ጊዜ «ጥያቄ» የሚል ርዕስ ስር ሰባት የማይገናኙ ጥያቄዎች ተከማችተው ነበር፤ ቡድኑ ተነጋግሮ በትምህርቱና በምዕራፉ ስም ሲከፋፍላቸው በቀጣዩ ፈተና ሰሞን አዲስ የመጡ ልጆች መልሱን ማንንም ሳይጠይቁ አገኙት።

አራተኛው ድምፁን ማስተካከል ነው። ሁሉም መልእክት እንዲጮህባችሁ አትፍቀዱ። ስማችሁ ሲጠራ ብቻ እንዲያሳውቃችሁ ማድረግ ይቻላል፤ የማይመለከታችሁን ርዕስም ዝም ማሰኘት ይቻላል። በዚያው ልክ የምትከታተሉትን ርዕስ ለይታችሁ ምረጡ።

አምስተኛው መዝጋት ነው። ጉዳዩ ሲያልቅ ርዕሱን «ተፈጽሟል» ብሎ የሚዘጋ ምልክት አለ፤ ከርዕሱ ፊት የራይት ምልክት ይደረግበታል። ይህን አትርሱ። የታጠበ ሉህ ነው። ያልተዘጉትን ብቻ የሚያይ ኃላፊ ማን እየጠበቀው እንዳለ በአንድ እይታ ያውቃል። የዚያ ልጅ ሁለት መስመር በሉህ ላይ ተጽፎ ቢሆን፣ ክርክሩ እስከ ሱብሕ ቢቀጥል እንኳ ሳይዘጋ ይታይ ነበር።

የሚሞተው ለምንድነው?

አዲስ መሣሪያ የሚሞትበትን ምክንያት ከትልቅ ምሳሌ መማር ይቻላል። ጉግል እ.ኤ.አ. በግንቦት 2009 ጉግል ዌቭ የሚባል ነገር አስተዋወቀ። የሠሩት ቀደም ሲል በጉግል ማፕስ ሥራ የሚታወቁት ላርስና ጄንስ ራስሙሰን የተባሉ ወንድማማቾች ናቸው። ኢሜይልን፣ ቻትንና በጋራ መጻፍን አንድ ላይ ያደረገ ነበር፤ ሰውዬው ሲጽፍ ፊደሉ አንድ በአንድ ይታይ ነበር። በመስከረም 2009 መጨረሻ ለ100,000 ያህል ሰዎች ግብዣ ተላከ። ሰዉ ግብዣ ለማግኘት ይሻማ ነበር። ነገር ግን የገባው ሰው አብሯቸው የሚሠራው ጓደኞቹ አልገቡም፤ ምን እንደሚሠራበትም ግልጽ አልነበረም። በነሐሴ 2010 ጉግል ማልማቱን እንዳቆመ አሳወቀ።

አሳዛኙ ነገር በውስጡ ያለው ምሕንድስና ድንቅ መሆኑ ነው። ሁለት ሰው አንድ ጽሑፍ ላይ በአንድ ጊዜ ሲጽፍ እንዴት አይጋጭም? ኤሊስና ጊብስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1989 መንገዱን አሳይተዋል። እኔ አምስተኛው ፊደል ላይ አንድ ቃል ካስገባሁ፣ አንተ ደግሞ በዚያው ቅጽበት አሥረኛውን ከሰረዝክ፣ ሥርዓቱ ያንተን ቁጥር በእኔ ቃል ልክ ወደፊት ገፍቶ ትክክለኛውን ፊደል ይሰርዛል። የኔም ያንተም ሥራ ይቀራል። ዛሬ በጉግል ዶክስ አሳይመንት አብረን ስንጽፍ የምንጠቀመው ይህንኑ ሐሳብ ነው። ዌቭ ግን ይህን ሁሉ ይዞ ሞተ።

ለእኛ ትምህርቱ ይህ ነው፦ ጀመዓውን በሙሉ በአንድ ቀን አታስገቡ፤ አንድን ሰውም ብቻውን አታስገቡ። አንድ ዘርፍ በሙሉ፣ አንድ በእጁ ያለ ሥራ ይዞ፣ በአንድ ቀን ይግባ። የኛ ቡድን 11 ሰው ነበር። ሁላችንም በአንድ ቅዳሜ ገባን፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የቱቶሪያል ፕሮግራም ሌላ ቦታ አልተለጠፈም። የቸገረው እዚያ ማየት ነበረበት፤ አየም።

አደቡ

አፑ ማን መስመር ላይ እንዳለ በአረንጓዴ ነጥብ ያሳያል። «አረንጓዴ ሆነህ ለምን አልመለስክልኝም?» የሚል ቅሬታ ካሁኑ ይብቃን። ሰውዬው ላብራቶሪ ውስጥ ሊሆን ይችላል፣ ስልኩን ክፍት ትቶ ለመግሪብ ተሰልፎም ሊሆን ይችላል። ስለ ወንድም መልካም መጠርጠር በስክሪን በኩልም ይሠራል። ነጥቡን ከሰው እንዳይታይ መደበቅም ይቻላል። ወዲያው መልስ መስጠት የዚህ መሣሪያ ጥቅም ቢሆንም ግዴታ አይደለም። እንዲያውም የርዕስ ትልቁ ራሕመት፣ ዘግይቶ የመጣ ሰውም ነገሩን ከመጀመሪያው አንብቦ ሐሳቡን መስጠት መቻሉ ነው። ሹራ ፈጣን ጣት ላለው ብቻ አይደለም። ለዚህም በቡድናችን አንድ ደንብ አወጣን፦ ውሳኔ የሚፈልግ ነገር ቢያንስ አንድ ቀን ከአንድ ሌሊት ክፍት ይቆያል። የዳታ ጥቅል እስኪገዛ የሚጠብቀውም ድምፁን እንዲሰጥ ነው።

ሁለተኛው ወሬን ማጣራት ነው። «ሬጅስትራር የአድ ቀን አራዝሟል» የሚል አንድ መስመር ስንቱን ሰው እንዳዘናጋ ታውቃላችሁ። የአፋር ወንድሞቻችን ዳጉ የሚባል የቆየ ሥርዓት አላቸው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም፤ ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ፤ ሰሚውም ከየት እንደመጣ ይጠይቃል፤ ወሬ አዛብቶ ማቀበል ነውር ነው። ሱረቱል ሑጁራትን የቀራ ሰው ይህ ለምን እንደሚደንቀኝ ይገባዋል። በማስታወቂያ ቻናላችን የምንጠይቀውም ይህንኑ ነው፦ ራስህ ቦርዱ ላይ አይተህ ነው ወይስ ሰምተህ? ከሰማህ ከማን? አንድ ቃል ጨምሮ መጻፍ ይበቃል።

ሦስተኛው አማና ነው። እዚህ ላይ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። በዙሊፕ የሚጻፍ መልእክት ከላኪው እስከ ተቀባዩ ድረስ ተቆልፎ የሚሄድ አይደለም፤ ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው አካል ሊያየው የሚችል ነው። በዝግ ቻናል የተጻፈም ቢሆን አንድ አባል ፎቶ አንስቶ ሊያወጣው ይችላል። የእንጨቱ ሉህ በውኃ ይታጠባል፤ የሰርቨር ሉህ ግን ተዘጋ እንጂ አልታጠበም። ስለዚህ ከበይተል ማል የሚረዱ ተማሪዎች ስም፣ የሰው ሕመም፣ የሰው የቤተሰብ ጉዳይ እዚያ አይጻፍም። እርዳታ የሚፈልግ ሰው «የበይተል ማል ኃላፊውን ማግኘት እፈልጋለሁ» ብሎ ርዕስ ይክፈት፤ ኃላፊው «አገኘሁህ» ብሎ ይዝጋው። የቀረው ፊት ለፊት ነው። የተቸገረ ሰው በቶሎ እንዲሰማ እንፈልጋለን፤ ችግሩ እንዲታወጅ ግን አንፈልግም። ሁለቱን አብሮ መጠበቅ የሚችለው አፑ አይደለም፣ እኛ ነን።

የማይፈታልን ነገር

ኔትወርክ ሲጠፋ ዙሊፕም ይጠፋል። በነፃው አገልግሎት ወደ ኋላ ተመልሶ ማየት የሚቻለው የመጨረሻዎቹን 10,000 መልእክቶች ነው። ይህ ለአንድ ዘርፍ ብዙ ነው፣ ለመላ ጀመዓው ግን ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ የሹራ ውሳኔዎች እንደ ድሮው በመዝገብ ይጻፋሉ። ስማርት ስልክ የሌላቸው ወንድሞችና እህቶችም አሉን፤ ቁጥራቸው ትንሽ መስሎን እንዳንረሳቸው። ከመግሪብ በኋላ በመስጂድ የሚነገረው ማስታወቂያና በግድግዳው ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ይቀጥላል። በዙሊፕ የተለጠፈ ማስታወቂያ ሁሉ በወረቀት እንዲወጣ በየዘርፉ አንድ ሰው ይመደብ። ይህ ካልሆነ ድምፁ ዝቅ ያለውን እንሰማለን ብለን የጀመርነው ነገር ስልክ የሌለውን የሚያስቀር ይሆናል።

በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር እንድትሠሩ እጠይቃለሁ። በተላከላችሁ ሊንክ ግቡ፤ በትክክለኛ ስማችሁ ተመዝገቡ፤ በዘርፋችሁ ቻናል አንድ በእጃችሁ ያለ ሥራን በርዕሱ ከፍታችሁ እስኪያልቅ ተከታትላችሁ ዝጉት። የቸገራችሁ ቅዳሜ ከዐስር በኋላ ስልካችሁን ይዛችሁ ወደ መስጂዱ በረንዳ ኑ፤ የቱቶሪያል ቡድን ልጆች እዚያ እንጠብቃችኋለን። የእህቶችን በኩል የዘርፉ አሚራና ሁለት የቡድናችን እህቶች ያግዛሉ።

አላህ ሥራችንን ለርሱ ውዴታ ብቻ የተሠራ ያድርግልን፤ ከመካከላችን የተቸገረውን ቀድመው ከሚሰሙት ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።